ሁለት ጀርባ በአንድ ጉድጓድ

በአለታማው ኮረብታ ላይ የሚገዛው ጅብ ነበር። ፊት ለፊት «ጌታችን» ይባላል፤ ዘወር ሲል «አያ ጅቦ»። ሁለቱንም ስሞቹን ያውቃቸዋል። የሚቆጣው አንዱ ስም በሌላው ቦታ የተጠራ እንደሆነ ብቻ ነው። ሥርዓት የሚባለው ይህ ነበር።

ከጅቡ ቀጥሎ ቀበሮ ነበር። ሹመቱ ቃል ተርጓሚ ይባላል። ጅቡ ይናገራል፤ ቀበሮው ጅቡ ምን ለማለት እንደፈለገ ይነግረናል። ብዙ ጊዜ ጅቡ ራሱ የሚሰማው ያኔ ነው። ከቀበሮው በታች ከርከሮ ነበር፤ እሱ ይቆፍራል፣ ይጠብቃል። ከሁሉም በታች ሽኮኮዎች ነበሩ፤ ምንም እንኳ የሚኖሩት ከሁሉም በላይ፣ አለቱ ላይ ቢሆን።

ሽኮኮዎቹ ግብር ነበረባቸው። በበዓል ቀን የጅቡን ልጆች ትከሻቸው ላይ አውጥተው ኮረብታውን ይዞራሉ። የጅብ ልጅ ከባድ ስለሆነ ለአንዱ ብዙ ሽኮኮ ይሰለፍለታል። ግብሩ በተጀመረ ሰሞን አንድ ሽኮኮ «ይህ ሕግ ከየት መጣ?» ብሎ ጠይቆ ነበር።

«ከስማችሁ ነዋ!» አለው ቀበሮው። «ሽኮኮ ማለት እሽኮኮ የሚያደርግ ማለት ነው። ስሙን ያወጣንላችሁ እኛ አይደለንም።»

ጠያቂው ከዚያ ወዲያ አልታየም። ትርጓሜው ግን ቀረ።

ከትርጓሜው ሌላ ነገር ተወለደ። ሽኮኮዎቹ ጅቡን በግልጽ መጥላት ስላልቻሉ ጀርባቸውን ጠሉ። በእነሱ ዘንድ የውርደት ሁሉ መጨረሻ ሌላ ሽኮኮ ጀርባቸው ላይ መውጣቱ ሆነ። ጎረምሶች ሲጣሉ ለመግደል አይደለም የሚጣሉት፤ አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ ለመውጣት ነው። የተወጣበት «ኮርቻ» ይባላል። ኮርቻ ሚስት አያገኝም። ጉባኤ ላይ ቢናገር አይሰማም። ልጆች ሳይቀሩ ሲያልፍ ይስቁበታል። የጅብ ልጅ መሸከም ግን ግብር ስለሆነ አያሳፍርም።

አገሩ እንዲህ ነበር።

የላይ አለትና የታች አለት ሽኮኮዎች የተጣሉት በፀሐይ ነው። በሁለቱ መካከል ማለዳ ፀሐይ ቀድማ የምታርፍበት ሰፊ ድንጋይ አለ። ሽኮኮ ማለዳ ካልሞቀ ቀኑን ሙሉ ደንዝዞ ይውላል። የላዮቹ «ወደኛ ያዘነብላል» አሉ፤ የታቾቹ «ከኛ ይነሣል» አሉ። ድንጋዩ ለሁሉም የሚበቃ መሆኑን የሚናገር ጠፋ። ጉዳዩ ጉባኤ ቀረበ።

ጅቡ አዳመጠ፤ ማለትም አንቀላፋ። ሲነቃ እንዲህ አለ፦

«ከላይ አንድ ጎረምሳ፣ ከታች አንድ ጎረምሳ አምጡ። አንድ ጉድጓድ ይግቡ። ከታረቁ ይወጣሉ። ደም ካፈሰሱ ሁለቱንም እበላቸዋለሁ፤ ድንጋዩንም እወስደዋለሁ።»

«ጌታችን ለሰላማችሁ ሲል ብዙ ደከመ» ሲል ቀበሮው ተረጎመ።

የሽኮኮዎቹ ዘበኛ አባ ጠርጥር ተነሣ። አደጋ ሲያይ የሚያፏጨው እሱ ነው፤ ስሙም የወጣለት ከዚሁ ነው።

«ጌታችን፣ ሁለት ጎረምሳ ወንድ ጠባብ ቦታ ማስቀመጥ እኮ ማዋጋት ነው። ሰፊ ቦታ ላይ እንኳ አልተስማሙም።»

«እንግዲያው ሰፊው አልሆነላቸውም» አለ ቀበሮው። «ጠባቡን እንሞክርላቸው።»

ጉባኤው ሳቀ። አስቂኝ ስለነበር አይደለም።

የላይ አለት ቦቃን ሰጠ። ግንባሩ ላይ ነጭ አለው፤ ተናጋሪ ነው። የታች አለት ዳማን ሰጠ። መልኩ ቀላ ያለ፣ ዝምተኛ ነው። ሁለቱም አባት አልነበራቸውም። የሚሰጥ ሲመረጥ አባት ያለው አይመረጥም።

ጉድጓዱን የቆፈረው ከርከሮ ነው። የሽኮኮ እግር አለት ላይ እንደ ሙጫ ይይዛል፤ እርጥብ ጭቃ ላይ ግን ይከዳዋል። ስለዚህ ጉድጓዱ ጭቃ ላይ ተቆፈረ። ግድግዳው እንዳይደርቅም ከርከሮው በየማለዳው ውሃ በአፉ እያመጣ ከጠርዙ ላይ ይተፋበት ነበር። የሥራ ድርሻው ነው። ሲቆፍር፣ የአንድ ሽኮኮ ቁመት አልፎ ትንሽ እንደወረደ፣ ቀበሮው መጥቶ አየና «ይበቃል» አለው።

«ጠለቅ ላድርገው እንጂ» አለ ከርከሮው። «አንዱ ባንዱ ላይ ቢቆምስ?»

«አትድከም። እኔ ሽኮኮዎችን አውቃቸዋለሁ።»

ጉድጓዱ ውስጥ ግድግዳውን የተደገፈ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር። ከሥሩ መጠለያ አለ። የመጠለያው አንዱ አፍ በጭቃ ተደፍኗል፤ በሩ አንድ ብቻ ነው። ሣር በአንድ ቦታ ይጣላል። ውሃ ያለው በአንድ ጎድጓዳ ድንጋይ ነው። ይህ ሁሉ በትእዛዝ ነበር።

«ወደዚያ ሂድ» አለ ቦቃ፣ እንደገቡ።

«ወዴት?» አለ ዳማ።

ቦቃ ዙሪያውን አየ። የሚኬድበት አልነበረም።

«ወደዚያ ነው ያልኩህ» አለ ደግሞ፤ ሌላ የሚለው አጣ።

ጠቡ በዚሁ ተጀመረ። ጥርሳቸውን ያፋጫሉ። የጀርባቸው ፀጉር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ወገባቸውን እያወዛወዙ ይዞራሉ። አንዱ መጠለያው ከገባ ሌላው በሩ ላይ ይቆማል፤ የገባው መውጫ ሲያጣ ይናከሳል።

«ኮርቻ ነው የማደርግህ!»

«አያትህን አድርግ!»

«የታች አለት ድሮም ለጭነት ነው የተፈጠረው።»

«እናንተንማ ፀሐዩ አናታችሁን አቅልጦታል።»

ከርከሮው ጠርዙ ላይ ተጋድሞ ያያል። ቀበሮው ከሌላ ኮረብታ እንግዶች እያመጣ ያሳያል። «እዩልኝ» ይላል። «ጌታችን ባይኖር ኮረብታው በሙሉ ይህን ይመስል ነበር።» እንግዶቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ምሳ ተጋብዘዋልና።

ጉድጓድ ውስጥ የኖረ ሁሉ ይህን ያውቃል። መጀመሪያ የምትጠላው የቆፈረውን አይደለም፤ ከቆፋሪው ጋር አታድርም። የምትጠላው አጠገብህ የሚያንኮራፋውን ነው። ሣርህን የሚረግጠውን፣ ትንፋሹ የሚሸትህን። ጀርባህን ለግድግዳ ሰጥተህ ትተኛለህ፤ ግድግዳው እርጥብ ነው፤ ብርዱ እስከ አጥንትህ ይገባል። ግን ጀርባህን ወደ እሱ አታዞርም።

አንድ ቀን የዳማ ጆሮ ተነከሰ። ደም ግን አልፈሰሰም። ይህን የሰማው አባ ጠርጥር በዚያው ዕለት መጣ።

«ጋሼ ከርከሮ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ስተፋ ዋልኩ።»

«ሣሩን ባንድ ቦታ ከሚጥሉት፣ ግማሹን እዚህ ግማሹን እዚያ ቢያደርጉትስ?»

«ትእዛዝ የለኝም።»

«እዚህና እዚያ እንዳይጣል የሚል ትእዛዝስ አለዎት?»

ከርከሮው አሰበ። ማሰብ ያደክመዋል።

«የለኝም» አለ በመጨረሻ፤ ሣሩንም ለሁለት ጣለው። አባ ጠርጥር በዚህ ተበረታትቶ ሁለተኛ ጎድጓዳ ድንጋይ አንከባልሎ ጨመረላቸው። ስለ ጎድጓዳ ድንጋይም ትእዛዝ አልነበረም።

ከዚያ በጠርዙ ላይ አንገቱን አወጣ።

«ልጆች፣ ስሙኝማ።»

«ለሱ ይንገሩት!» አሉ ሁለቱም፣ በአንድ ድምፅ።

«ጎሽ፣ ባንድ ነገር ተስማማችሁ» አለ አባ ጠርጥር። «ያን የተደፈነውን የመጠለያ አፍ ክፈቱት። መውጫው አንድ ሲሆን የገባው ታፈንኩ ይላል፣ የቀረው ተከለከልኩ ይላል። ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው።»

«በምን እንክፈተው?» አለ ቦቃ።

«በምትፋጩበት ጥርስ። ደግሞ ስሙ፤ ሲያጉረመርም አንተም አጉረምርም እንጂ አትዝለልበት። ማጉረምረም ወሬ ነው፣ ጠብ አይደለም። ወገቡን ካወዛወዘ ተወው፤ ጎረምሳ ነው፣ ይበርድለታል። ፊቱን ካዞረልህ አትከተለው። ከርከሮው ሊለያችሁ ቢሞክርም አትፍቀዱለት፤ የተለያየ ሲመለስ እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው።»

«ጀርባዬ ላይ ሊወጣ ቢሞክርስ?» አለ ዳማ። ያን ቀን የተናገረው ይህን ብቻ ነው።

አባ ጠርጥር አንገቱን ከጠርዙ መለሰ። እሱም ሽኮኮ ነው።

«እሱንስ ማንም አይችለው» አለና ሄደ።

በማግስቱ የተደፈነውን መክፈት ጀመሩ። ቦቃ ከውስጥ፣ ዳማ ከውጭ፣ ሳይነጋገሩ። ጭቃው ጠንክሯል። በጥርሳቸው እየፋቁ ይተፉታል። ከብዙ ልፋት በኋላ ቀዳዳ ተከፈተና በቀዳዳው ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያዩ። የሁለቱም አፍ እስከ አፍንጫ ጭቃ ነው።

«ምን ምን ይላል?» አለ ቦቃ።

ዳማ አጣጣመው።

«ከርከሮ ከርከሮ ይላል።»

ቦቃ ሳቀ። ሳቁ ግድግዳው ላይ አስተጋባና ከርከሮው ብድግ አለ። ከጉድጓድ ሳቅ ቢሰማ ምን እንደሚደረግ ትእዛዝ አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ አንዱ ባንዱ በር ሲገባ ሌላው በሌላው ይወጣል። ፍቅር አልነበረም። በፍቅር የሚያወሩ ጉድጓድ ያልገቡ ናቸው። ቦቃ ማለዳ ማለዳ ያጉረመርማል፤ ዳማ መልሶ ያጉረመርማል፤ ከዚያ ሁለቱም ወደየሣራቸው ይሄዳሉ። ቦቃ ያላጉረመረመ ቀን ዳማ ቀና ብሎ ያየዋል። ብርዱ ሲጠና ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው ተኙ። ጀርባ ለጀርባ መሆን ስም አልወጣለትም ነበርና አላፈሩበትም።

እንግዶች መጡ። ቀበሮው «እዩልኝ» አለ። የሚታይ አልነበረም። ሁለት ሽኮኮዎች ሣር ይበላሉ።

«ምን ሆናችሁ?» አለ ቀበሮው ጎንበስ ብሎ።

«ምንም» አለ ቦቃ። «እርስዎስ ደኅና ነዎት?»

እንግዶቹ ያለ ምሳ ተሸኙ። ቀበሮው በቀጥታ ወደ ጅቡ ሄደ። በማግስቱ ጉባኤው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተጠራ። የላይ አለት በአንድ በኩል፣ የታች አለት በሌላ በኩል ተሰለፉ። ጅቡ በመካከል ተጋደመ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ፀሐይ ወደ ኮረብታው ትከሻ ተጠግታለች።

አባ ጠርጥር ተናገረ። «ጌታችን፣ ከታረቁ ይወጣሉ ብለው ነበር። ይኸው ታርቀዋል።»

ጅቡ ወደ ቀበሮው ዞረ።

«‹ይወጣሉ› ተባለ» አለ ቀበሮው። «‹እናወጣቸዋለን› አልተባለም። ይውጡ! ማን ያዛቸው?»

ጅቡ በትርጓሜው ደስ አለውና የራሱን ጨመረበት። «ጉድጓዱ ጥሩ ነው። ያላችሁትን ሰላም አምጥቷል። ይስፋና የሁለቱም አለት ጎረምሶች በሙሉ ይግቡበት። ሁላችሁም ትታረቃላችሁ።»

ከሽኮኮዎቹ መካከል እናቶች ጮኹ። አባ ጠርጥር በሆዱ ተኛ። «ጌታችን፣ ቢዋጉም ጉድጓድ፣ ቢታረቁም ጉድጓድ፣ ታዲያ ልጆቹ ምን ያድርጉ?»

ቀበሮው ወደ ጉድጓዱ አየ። ወደ ሽኮኮዎቹ አየ። ተዝናና።

«ጌታችን ቸር ነው» አለ። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለቱም ከወጡ ጉድጓዱ ዛሬውኑ ይደፈናል። አንዱ እንኳ ከቀረ ይሰፋል። ከጠርዙ ወዲህ ያለ የሚረዳቸው ካለ ይርዳቸው። አንከለክልም።»

ጅቡ ጥርሱን አሳየ። ከርከሮው ግን በጉድጓዱና በቀበሮው መካከል ዓይኑን አመላለሰ፤ ሲቆፍር የጠየቀው ትዝ ብሎት ይሆናል።

ቦቃ ተንደርድሮ ግድግዳውን ሞከረ። ተንሸራትቶ ወረደ። ደገመ። በጭቃ ተለውሶ ሲወርድ የታች አለቶች ሳቁ። ዳማም ሞከረ። የላይ አለቶች ሳቁ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጥላው ግድግዳውን ይዞ ወደ ላይ ይወጣ ነበር፤ መውጣት የቻለው እሱ ብቻ ነው።

ዳማ ተነሣ። ግድግዳው ሥር ሄደ፤ ፊቱን ወደ ጭቃው አዙሮ፣ የፊት እግሮቹን ተክሎ፣ አጎነበሰ።

«ውጣ» አለ።

«የት?»

«ጀርባዬ ላይ።»

«አብደሃል? እያዩን እኮ ነው።»

«አዎ እያዩን ነው። ውጣ።»

«ኮርቻ ይሉሃል። እስክትሞት ድረስ ነው የሚሉህ።»

«እስክሞት እዚህ ከምቆይ ይበሉኝ። ታናሽ ወንድም የለህም አንተ?»

ቦቃ ታናሽ ወንድም አለው። ላይ ተሰልፎ ያያል።

ቦቃ ወጣ። እግሮቹ የዳማን ጀርባ ነኩ። ከላይ አለት በኩል ጩኸት ተነሣ። «ኮርቻ! ኮርቻ! የታቹን ኮርቻ አደረገው!» ከታች አለት በኩል ድምፅ አልነበረም፤ ፊታቸውን አዞሩ። የዳማ እናት እንኳ ወደ ድንጋዩ ዞረች። ቦቃ ተንጠራራ። ጠርዙን ያዘ። ወጣ።

ወገኖቹ ተቀበሉት። አጎቱ ሆዱ ሥር ገብቶ ብድግ አደረገው፤ ሌሎቹም ገቡበት፤ እሽኮኮ አድርገው እየዘለሉ ዞሩ። ማንም አላስገደዳቸውም። በዓልም አልነበረም። ምን እያደረጉ እንደሆነ ያስተዋለም አልነበረም፣ ከቀበሮው በቀር። እሱም ወደ ፀሐይዋ አየና እግሮቹን አጣጥፎ ተኛ።

ቦቃ የአጎቱን ጆሮ ነከሰና ወደቀ። ወደ ጉድጓዱ ሮጠ። ጠርዙ ላይ በሆዱ ተኝቶ የፊት እግሮቹን ወደ ታች ሰደደ። አልደረሰም። ወገቡን ጨመረ። ጭቃው መክዳት ጀመረ።

«ጀርባዬን ረግጦ ይወጣል» አለ። «እግሬን ያዙልኝ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ተነሥ አንተ!» አለ አጎቱ። «አሸንፈሃል እኮ! ልታስረግጠን ነው?»

«ጋሼ፣ እግሬን ይያዙልኝ!»

«የታቹ ባንተ ላይ ሲወጣ እኔ ይዤልህ? ምን ይሉናል?»

ከወዲያ በኩል አንዱ የታች አለት ሽኮኮ ከመሬት ሳይነሣ «የላዩን እግር እኛ የምንይዝበት ምክንያት የለም» አለ። «የኛው ኮርቻ ሆኗል፤ ቢወጣስ ምን ሊሆን ነው?»

«ነገ የናንተ ልጆች ናቸው የሚገቡት!» አለ ቦቃ። ድምፁ ወደ ጉድጓዱ ስለሆነ የሰማው ጉድጓድ ውስጥ ያለው ብቻ ሳይሆን አይቀርም። «አባ ጠርጥር! አባ! እግሬን!»

ሁሉም ወደ አባ ጠርጥር ዞረ። ሽማግሌው አፉን ከፈተ። የሚያፏጭ መሰለ። የጅቡ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

ይህን የነገርኳቸው ሁሉ እዚህ ላይ ስደርስ ይጠይቁኛል። አባ ጠርጥር እግሩን ያዘለት ወይ? አጎትየው ጨከነ ወይ? ከታቾቹ አንዲት እናት እንኳ አልተነሣችም?

ከላይ ሆኜ አላየሁትም። ከታች የሚታየው ትንሽ ነው። የተገለበጠ ግንባር፣ ነጭ ያለበት። ከኋላው የደከመ ብርሃን። ወደ ታች የሚመጡ ሁለት እግሮች። ከኋላ የያዘው ይኑር አይኑር፣ ከታች አይታይም። እየወደቀ ይሁን እየተዘረጋልኝ፣ ከታች ሆኖ መለየት አይቻልም።

ዘለልኩ።